ላን ያጠበችው ደረጃ

ባለፈው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ምስር ልገዛ ሮም ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገብቼ አፍንጫዬ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ከቅመም ነጋዴዎቹ አለፍ ብሎ አንዱ መደብ ላይ የዓሣ መረቅ ጠርሙስ ወድቆ ተሰብሮ፣ ቡናማው ፈሳሽ መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። እኔ ቆምኩ። ይህን ሽታ የማውቀው ከአንድ ምድር ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከረገጥኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ባለመደቡ የእንጨት ብናኝ እየበተነ ሲሳደብ፣ ከጎኔ አንዲት አጠር ያለች ሴት "ኮ ሌታ?" አለችኝ። ኮ በቬትናሞች ቋንቋ አክስት እንደ ማለት ነው። ለተብርሃን የሚለውን ስሜን ሌታ ያደረጉት ጣሊያኖች ናቸው፤ ኮ ሌታ ብሎ የጠራኝ ግን አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ዞር ስል ላን ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጣቶቿ የእኔን ጣቶች መስለዋል። ተሳሳምን። ከሽታው ይሁን ከሌላ እንጃ፣ የሁለታችንም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለ ላን ከመናገሬ በፊት ስለ ሐሙስ ልናገር፤ ያኔ ሐሙስ ምን እንደነበረ ያላወቀ ነገሬን አይረዳኝም። እኔ የአስመራ ልጅ ነኝ። በአማርኛ የምጽፈው ትምህርት ቤት ያስተማረኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣጣ ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ሮም ገብቼ "ፊሳ" ሆንኩ። ፊሳ የምትባለው ከቀጣሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ ናት። አልጋዋ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛና መጥረጊያዎቹ ከሚቀመጡበት ክፍል ነው። መስኮት ካላት እድለኛ ናት። የእኔዋ መስኮት ነበራት፤ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ይከፈታል። ሕይወታችን በሙሉ በዕረፍታችን፣ በሐሙስ ከሰዓትና በእሑድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እሑድ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሰምተን ሰላምታ ስንለዋወጥ ያልቃል። ሐሙስ ግን የራሳችን ነበር። ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ኮታችንን ለብሰን፣ ፀጉራችንን በቢጎዲን ጠቅልለን ፈትተን፣ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ እንሰበሰባለን። የአውቶቡስ ቲኬት አራት መቶ ሊራ ነበር፣ ወይ አምስት መቶ፤ እሱ ይምታታብኛል። ጄቶኔ የምንላትን የስልክ ሳንቲም በመሐረብ ቋጥረን እንይዛለን። ከቡና ቤቱ የዘፈን ሳጥን አንድ ልቡ የተሰበረ ናፖሊታዊ ሲያለቅስ እኛም ግጥሙ ሳይገባን አብረን ሆዳችን ይባባ ነበር። ክረምት ሲሆን ግን አደባባይ ላይ ስንት ሰዓት ይቆማል? ቡና ቤት መቀመጥ ደግሞ ዋጋው ቆሞ ከመጠጣት እጥፍ ነው። ቤት ያለው ሰው ማወቅ ትልቅ ሀብት ነበር።

ያን ሀብት የሰጠኝ ፕራቲ ሰፈር የምሠራበት ሕንፃ ነው። እነ ላን ወደዚያ የመጡት እኔ ከገባሁ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት ነው። በጣሊያን የጦር መርከብ ከባሕር ላይ ከተለቀሙት የቬትናም ስደተኞች ነበሩ፤ አንድ ደብር ጥቂት ወራት አስጠጋቸውና አባትየውን፣ ሲኞር ቲንን፣ የሕንፃችን ፖርቲዬሬ አድርጎ አስቀጠረው። ፖርቲዬሬ በር ይጠብቃል፣ ፖስታ ያድላል፣ ደረጃ ያጥባል፤ በዚያ ላይ ቤት ይሰጠዋል። ቤቱ ከደረጃው ሥር ያለ ባለሁለት ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ ወለል እኩል ስለሆነ የሚያሳየው እግር ብቻ ነው። እናትየው ሲኞራ ሁዌ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ፊቱን ሳታውቅ በጫማው ታውቀው ነበር፤ "ባለ ቡኒው ጫማ ዛሬ ዘገየ" ትላለች። የሲኞር ቲን ዘር ቻይና ነው። እዚያ አገር ቻይና ናችሁ እየተባሉ ኖረው፣ ሮም ሲደርሱ ደግሞ ቬትናም የሚላቸው ጠፍቶ ሰፈሩ "ቻይኖቹ" አላቸው። ይህን ሲያጫውተኝ በሳቅ ነበር፤ እኔም አስመራ ምን ስባል እንደነበርና እዚህ ምን እንደምባል ነገርኩትና አብረን ሳቅን። የዓሣ መረቅ ያኔ ሮም አይገኝም። ሲኞራ ሁዌ በጨው የታሸ ትንንሽ ዓሣ ገዝታ እቤቷ ቀቀለችው። ሽታው እስከ ስድስተኛ ፎቅ ወጣ። የሕንፃው ባለቤቶች ተሰብስበው፣ ሁለተኛ እንዳይሸት የሚል በማኅተም የታሸገ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ከዚያ በኋላ የምትቀቅለው ነሐሴ ላይ፣ ባለቤቶቹ በሙሉ ለዕረፍት ባሕር ሲወርዱ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓቴን እዚያ ምድር ቤት ማሳለፍ ጀመርኩ። ከሥራ ቦታዬ አራት ፎቅ መውረድ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ዘመድ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው ነበር የምወርደው። ግድግዳው ላይ የሲኞር ቲን ሟች አባት ፎቶ አለ፤ ከፊቱ ብርቱካንና ትንሽ ሲኒ። የሚበላው ነገር መጀመሪያ ለእሳቸው ይቀርባል፣ ከዚያ ለእኛ። ደብሩ ሲያጠምቃቸው ቄሱ ፎቶው ይነሳ አላሉም ነበር፤ እነሱ ግን በገዛ ፍርሃታቸው፣ ቄሱ ለጉብኝት ሲመጡ አውርደው አልጋ ሥር ያደርጉታል። አገሩ እያለ ልብስ ሰፊ የነበረው ሲኞር ቲን የቀጣሪዬን የሲኞራዬን ሟች ባል ካፖርት ፈትቶ ለእኔ ኮት አደረገልኝ። እንዲህ ያለ ኮት ከዚያ ወዲህ ለብሼ አላውቅም። እኔ በበኩሌ ለሲኞራ ሁዌ ጣሊያንኛ አስተማርኳት። የማውቀውን ነው ያስተማርኳት፤ "እሺ ሲኞራ፣ ወዲያው ሲኞራ፣ ይቅርታ ሲኞራ።" ላን ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። በስድስት ወር ውስጥ እንደ ሰፈሩ ልጆች ትናገር ጀመር፤ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የባለቤቶቹ ስብሰባ ላይ፣ በሁሉም ቦታ የወላጆቿ አፍ እሷ ሆነች። ለሂሳብ የነበራት ጭንቅላት የሚገርም ነበር። እኔ ሹራብ እየሠራሁ እሷ እያጠናች፣ ከላያችን የሰው ኮቴ እየተሰማ፣ ያ ምድር ቤት ይሞቅ ነበር። ሮም ውስጥ ቤቴ ብዬ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው።

ላን አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሲኞር ቲን የሊፍቱን ናስ ሲወለውል ከመሰላል ወደቀ። ወገቡ አልዳነም። መቆም ይችላል፣ ቁጭ ብሎ ፖስታ መለየት ይችላል፤ ጎንበስ ማለት ግን አልቻለም። ሲኞራ ሁዌ እንዳታግዘው ሳንባዋ የበረኪና ሽታ አይችልም። ደረጃው ደግሞ ሁለት ነው፤ የባለቤቶቹ የእብነ በረድ ደረጃና የእኛ የሠራተኞቹ ጠባብ ደረጃ፣ እያንዳንዱ ስድስት ፎቅ። ሥራው ከቀረ ቤቱ ይቀራል። ማንም ላንን እጠቢ አላላትም፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በቃል አይባልም። አንድ ማለዳ ባልዲውን አነሳች። በየቀኑ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት፣ በጣሊያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ባለቤቶቹ ሳይነሱ አጥባ ጨርሳ፣ ታጥባ ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አባቷ ከታች መወልወያ ይዞ ይቆማል፤ የሚወርድ ሰው ካለ ሥራውን የጨረሰ እንዲመስል። እኔ አውቃለሁ፣ ሌሎቹም ሠራተኞች እናውቃለን። የሠራተኛ ሕጉ አንድ ነው፤ የሠራተኛን ነገር ለሲኞራ አትነግርም። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ።

የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻውን ፈተና ባለፈች ጊዜ፣ በሐምሌ ሐሩር፣ ላን ከመጽሐፍ ውስጥ አጥፋ የያዘችውን ደብዳቤ አሳየችኝ። የሂሳብ አስተማሪዋ ሳትነግራት ጽፋላት፣ ሰሜን ፓዶቫ ካለው ዩኒቨርሲቲ ቦታ አግኝታለች፤ መኝታና ምግብ ጭምር። እስከ መስከረም መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።

"ለአባትሽ ንገሪው እንጂ" አልኳት።

"ብነግረው ሂጂ ይለኛል" አለች። "ያኔ ደረጃውን ማን ያጥባል?"

ለአንቺ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል ወይም እንዲህ ያለ አንድ የማይረባ ነገር ብዬ ጉንጯን ሳምኳት። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ስወርድ ዓይኗን አያለሁ፤ አልነገረቻቸውም። ነሐሴ አለቀ፣ ባለቤቶቹ ፀሐይ ጠብሷቸው ከባሕር ተመለሱ፣ መስከረም ገባ።

ሲኞራዬ የዳኛ ሚስት የነበረች፣ በባለቤቶቹ ስብሰባ ላይ ቃሏ የሚሰማ ባልቴት ናት። ክፉ አልነበረችም። የቡናዋን ስኳር ግን ቆጥራ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት በርበሬ ስጠብስ፣ የእነሱን የማያቃጥለውን አረንጓዴ በርበሬ፣ የራሰ ደብተር በሁለት ጣቷ ይዛ ገባች። ለሙቀቱ ብዬ የሠራተኛ ደረጃውን በር ከፍቼው ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቁጥር በቁጥር ነው፤ የላን ጽሕፈት።

"ከበራችን ፊት ደረጃው ላይ አገኘሁት" አለች። "ሌታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ደረጃውን የሚያጥበው ማነው፣ እሱ ነው ወይስ ልጅቷ?"

ሲኞራዋ ቀጠለች፤ ሰውየው ከታመመ ጡረታ አለው፣ ማዘጋጃ ቤቱም ከከተማው ዳር ቤት ይሰጣቸዋል፣ ወረቀቱን እኔ አስጨርስላቸዋለሁ፣ አእምሮ ያላት ልጅ ባልዲ ይዛ እንድትቀር አልፈልግም አለች። እኔ ግን የሲኞራ ደግ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ሁለተኛ ፎቅ ትሠራ የነበረችው የኬፕ ቨርድ ልጅ እርጉዝ መሆኗ ሲታወቅ እንዲሁ በደግ ቃል አጽናንተዋት በሳምንቱ ሻንጣዋ ወጣ። በዚያ ላይ ስለ ዳር ሰፈር የሰማሁትን አስታወስኩ፤ በሁለት አውቶቡስና በእግር የሚደረስበት፣ ሱቅ የሌለው። ከእነ ላን ጋር በአንድ መርከብ የመጡ ሦስት ቤተሰቦች እዚያ ቤት ተሰጥቷቸው እየሄዱ ነበር። ይህ ሁሉ ባንድ አፍታ አለፈብኝ።

"እሳቸው ናቸው ሲኞራ" አልኩ። "በየማለዳው በዓይኔ አያቸዋለሁ። ደብተሩን ትናንት እኔ ጋ ልታጠና መጥታ ጥላው ነው።"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን" ብላ ወጣች። እኔ ደብተሩን ምጣዱ አጠገብ አደረቅኩት። ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ፤ ቤተሰብ ያዳንኩ። ሐሙስ ይዤው ስወርድ ላን ተቀበለችኝና ሳትገልጠው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ አመሰግናለሁም አላለችም። ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት። መስከረም አለቀ። ላን ከጠዋት ሥራዋ ቀጥሎ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ዕቃ ደርዳሪ ሆና ተቀጠረች። በሁለተኛው ዓመት ሲኞራዬ ሞተችና ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት ገባሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት አውቶቡስ ይዤ መምጣቴን አላቋረጥኩም ነበር። በኋላ በወር አንዴ ሆነ፣ ከዚያ ለገና ብቻ፣ ከዚያ ቀረ። ለራሴ መንገዱ ራቀኝ እያልኩ ነው። እውነቱ ግን የላንን ቀይ እጅ ማየት ስለከበደኝ ነው።

ያን መረቁ የፈሰሰ ዕለት፣ ከላን ጋር ገበያው አጠገብ ካለ ቡና ቤት ተቀመጥን። የዛሬው ገበያ ጣሪያ አለው፤ ያኔ ሜዳው ላይ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ከነምስራችን እንበሰብስ ነበር። ላን አምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። የሕንፃው ፖርቲዬራ ዛሬ በሕግ በወረቀት እሷ ናት፤ እዚያው ምድር ቤት፣ ከእናቷ ጋር። ጡረታ ለመውጣት አሥር ዓመት ይቀራታል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ በካሜራ ልንተካሽ ነው እያሉ በየዓመቱ ያስፈራሯታል። እንዴት ነው ያላገባሽው ብዬ እንደ አክስት ጠየቅኳት፤ አንድ ሰው ነበር፣ ምድር ቤት መኖር አልፈለገም አለችኝ። የዳር ሰፈሩን ቤተሰቦች ጠየቅኳት። ደህና ናቸው አለች፤ የአንዱ ልጅ መሐንዲስ፣ የሌላው የልጆች ሐኪም ሆነዋል፤ ቤታቸው ስድስተኛ ፎቅ ነው፣ ከሰገነቱ ተራራ ይታያል።

ከዚያ ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ "ደብተሩን የረሳሁት መስሎዎት ነበር?" አለችኝ።

ምን ደብተር አላልኳትም።

"ሦስት ቀን በተከታታይ ነው በሲኞራዎ በር ፊት ያስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን አነሳችው። እኔ ታች ሦስተኛ ፎቅ፣ የሠራተኞቹ ደረጃ ላይ ባልዲውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የወጥ ቤቱ በር ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባቴ አልቻለም ብዬ እኔ መናገር አልችልም፣ ኮ ሌታ። በእኛ ቤት ልጅ እንዲህ አትልም። ሰው ካየው ግን የማንም ጥፋት አይሆንም። እርስዎ አዎ ይላሉ ብዬ ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር።"

"ያባርሯችሁ ነበር እኮ" አልኩ።

"ምናልባት" አለች። "አሥር ዓመት ተቀይሜዎታለሁ። ከዚያ ደከመኝ።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ አይቼዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ሁሉንም ልበለው አልኩና፣ በአርባ ዓመት ለንስሐ አባቴ ያልተናገርኩትን ለእሷ ተናገርኩ። ያን ቀን የዋሸሁት ለእናንተ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ዳር ከወጣችሁ ሐሙስ የምገባበት ቤት የለኝም ብዬ ነው፣ ለሐሙሴ ብዬ ነው አልኳት። አልቅሼ ነው የነገርኳት። ላን እጄን ያዘች። አውቃለሁ አለችኝ፤ በመስኮታችን እግርዎን ገና ሳየው ያስታውቅ ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ በችኮላ ነበር የሚሄዱት። ከዚያ እናቷ እኔን ብታይ ደስ እንደሚላት፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ምሳ እንድመጣ ጋበዘችኝ። ስንለያይ ትከሻዬን ይዛ፣ እናቴ የፓዶቫውን ነገር ዛሬም አታውቅም፣ አባቴም ሳያውቅ ነው የሞተው፤ አደራ እንዳይነግሯት አለችኝ።

ትናንት ሄድኩ። ያው ጠባብ ኮሪደር፣ ያው እግር የሚታይበት መስኮት፤ ጫማው ብቻ ተለውጧል፣ ሁሉም ስኒከር ሆኗል። ሲኞራ ሁዌ ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን አለ። ላን በሞቀ አልጋዋ ላይ ደግፋ አስቀምጣታለች። ዓሣ በሩዝ በላን፤ መጀመሪያ ለፎቶዎቹ ቀርቦ። አሁን ፎቶው ሁለት ነው። ላን ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤቱን ከሚከልለው መጋረጃ ጀርባ ስታጥብ፣ እናትየው እኔ ባስተማርኳት ጣሊያንኛ ልጇን ታመሰግንልኝ ጀመር። የሌሎቹ ልጆች እናት አባታቸውን ጥለው ሄዱ፣ የእኔዋ ከእኛ መለየት አልፈለገችም፣ አባቷም ይህን እያለ ነው በደስታ የሞተው አለች። የተሸበሸበ እጇ እጄን ፈልጎ ያዘ።

"ሌታ፣ አንቺ ሁሉን ታውቂ ነበር" አለችኝ። "እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ አንድ ቀን እንኳ መሄድ ፈልጋ ታውቃለች?"

ከመጋረጃው ጀርባ የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ውሃው ብቻ ይወርዳል። ላን እዚያ ቆማለች፤ ትንፋሿን መያዟን አውቃለሁ። ምን እንድል እንደምትፈልግ ግን አላወቅኩም፤ አደራ ያለችኝ እሷ ናት፣ ያኔም ግን የምትፈልገውን አውቃለሁ ብዬ ተሳስቼ ነበር።

"እሷ? በጭራሽ ሲኞራ ሁዌ" አልኩ።

አሮጊቷ እፎይ ብላ ትራሷ ላይ ተደገፈች። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሳህኑ መታጠብ ጀመረ።